በቤት ውስጥ ስለ ሞተ እንስሳ

ጂንካ በኢትዮጵያ ደቡብ፥ ከኦሞ ወንዝ በስተ ምሥራቅ፥ በአሪ ሕዝብ አገር ያለች ከተማ ናት። በአጠገቧ የኔሪ ወንዝ ይወርዳል። አገሩ ለምለም ስለ ሆነ በዙሪያዋ እንሰት፥ ቡና፥ በቈሎና ማሽላ ይበቅላል፤ ቅዳሜ በሚቆመው ገበያዋም የአሪ፥ የሐመር፥ የበና፥ የጸማይና የሙርሲ ሰዎች እየመጡ ይገበያሉ። እህል በሚበዛበት ስፍራ ግን አይጥ አይጠፋም።

በዚህች ከተማ አያት፥ አባት፥ እናትና ሁለት ልጆች በአንድ ቤት ይኖሩ ነበር። የቤታቸው ግድግዳ በጭቃ የተመረገ፥ ክዳኑ ቆርቆሮ፥ ኮርኒሱም የማዳበሪያ ጆንያ ተሰፍቶ የተወጠረበት ነበረ። በቈሎአቸውን በጆንያ ሞልተው በጓዳው ውስጥ በቆጥ ላይ አኖሩት። አይጦችም ሌሊት በኮርኒሱ ላይ እየሮጡ፥ ጆንያውን እየቀደዱ፥ ከሚበሉት የሚያበላሹት እየበዛ ሄደ።

አባትየው አንድ ቅዳሜ ወደ ገበያ ወርዶ የአይጥ መርዝ ገዛ። ሻጩም፥ «ይህን የበላች አይጥ ውኃ ይጠማታል፤ ውኃ ፍለጋ ወጥታ በሜዳ ትሞታለች፤ ቤትህን አታሸትብህም» አለው። አባትየው ደስ ብሎት መርዙን ከቂጣ ፍርፋሪ ጋራ አድርጎ በኮርኒሱ ላይ በተነው።

ይህ የሻጩ ነገር በብዙ አገር ይነገራል፤ እውነት ግን አይደለም። በዛሬ ዘመን ለአይጥ ከሚሸጠው መርዝ ብዙው ደም እንዳይረጋ የሚከለክል ነው። የበላችው አይጥ ወዲያው አትሞትም፤ ሦስት ወይም አራት ቀን፥ አንዳንድ ጊዜም ሳምንት ያህል ቈይታ፥ ደሟ በውስጧ እየፈሰሰ ትደክማለች። የደከመ እንስሳ ሁሉ ጨለማና ጸጥታ ያለበትን ስፍራ ይሻል። ስለዚህ አይጢቱ ወደ ሜዳ አትወጣም፥ ወደ ጐሬዋ ትገባለች እንጂ። በቤቱ መርዝ የሚያኖር ሰው በድኑም በዚያው በቤቱ እንደሚቀር አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። ከዚህም በላይ እንዲህ የሞተችውን አይጥ ድመት ወይም ጭልፊት ቢበላት መርዙ ወደ በላው ያልፋል።

በአምስተኛው ሌሊት ሩጫው ቀረ፤ ቤተ ሰቡም በሰላም ተኛ። በሰባተኛው ቀን ግን ሽታ ተነሣ። በመጀመሪያ ጥቂት ስለ ነበረ እናትየዋ ጎመን የበሰበሰ መስሏት ድስቱን ሁሉ አጠበች። በማግሥቱ ምግብ መብላት እስኪያቅት ድረስ በረታ። ዕጣን አጨሰች፤ ሽታው ከዕጣኑ ጋራ ተቀላቅሎ ከፊተኛው ይልቅ የከፋ ሆነ።

በዚያ ጊዜ አያትየዋ፥ «ይህ ሽታ ከወዲያ ከሸክላ ሠሪዋ ግቢ የሚመጣ ነው» አለች።

ጎረቤታቸው ባልዋ የሞተባት፥ እንስራና ድስት እየሠራች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ነበረች። በአሪ አገር፥ በሌላውም በብዙው የኢትዮጵያ ክፍል፥ ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጭ ስለ እጃቸው ሥራ ሲናቁ ኖረዋል። ሰው ሁሉ በሠሩለት ማረሻ ያርሳል፥ በሠሩለት ድስት ይበላል፤ ነገር ግን በብዙ ስፍራ እንስራዋ በገባበት ቤት ሸክላ ሠሪዋ ራስዋ አትገባም ነበር። ስለዚህ አያትየዋ ክፉ ሽታ በመጣ ጊዜ መንገዱን ለመጠየቅ አልደከመችም። ወንዱን ልጅ ጠርታ፥ «ሂድ፥ ግቢዋን ታጽዳ በላት» ብላ ላከችው።

ልጁ ሄደ። በሴቲቱ ግቢ የሸተተው እርጥብ ጭቃና የእንጨት ጢስ ብቻ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ቢሆንም የተላከውን ቃል ተናገረ። ሴቲቱ አልተቈጣችም። መጥረጊያ አንሥታ የተጠረገውን ግቢ እንደ ገና ጠረገች። ልጁም ወደ ቤቱ ተመልሶ ያየውን ለአያቱ አልነገራትም፤ አያቱን ፈርቶ፥ እንዲያው «እሺ ብላለች» ብቻ አለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ሽታው ግን ሁለት ቀን ደግሞ ቈየ፤ ትንሺቱ ልጅም ሆዷን ታመመች። እናቷ ከበቈሎ እሸት ነው ብላ አሰበች። በሦስተኛው ቀን ልጁ እኅቱ ስታለቅስ አይቶ መታገሥ አልቻለም፤ «አያቴ፥ የሸክላ ሠሪዋ ግቢ አይሸትም። ያን ቀንም አልሸተተም ነበር፤ ሽታው ከእኛ ቤት ነው» አላት። አያትየዋ ዝም አለች። እናትየዋ ግን ነጠላዋን ለብሳ ወደ ጎረቤቷ ሄደች፤ ምን እንዳለቻት የሰማ የለም። ጥቂት ቈይታ ከእርስዋ ጋራ ተመለሰች።

ሴቲቱ በደጁ ላይ ቆመች፥ አልገባችም። «እማማ፥ ቤት ውስጥ የዋለ አፍንጫ ይደክማል» አለች አያትየዋን። «ሁላችሁም ውጡና በውጭ ጥቂት ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ አንድ አንድ እያላችሁ ግቡ።»

የተናገረችው እውነተኛ ነገር ነው። የሰው አፍንጫ አንድን ሽታ ሳያቋርጥ ሲያሸት ይለምደዋል፥ ከጥቂት ጊዜ በኋላም የሌለ ያህል ይሆንበታል። ቤቱ የሚሸት ሰው ራሱ ሳያውቅ እንግዳው የሚያውቅበት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የሞተ እንስሳ የሚፈልግ ሰው ወደ ንጹሕ አየር ወጥቶ አፍንጫውን ማሳረፍ፥ ተመልሶም በገባበት በመጀመሪያው እስትንፋስ መለየት አለበት። በሮችና መስኮቶች አስቀድመው ይዘጋሉ፤ ነፋስ ሽታውን ወደ ማእዘን ሁሉ ሲበትነው ምንጩ አይገኝምና። ከሰዓቱም እኩለ ቀን ይሻላል፤ ቆርቆሮው ሲግል ሽታው ይበረታል።

ሽታው ራሱ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ደግሞ መልካም ነው። እንስሳ ሕያው ሳለ በሆዱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ሕያዋን አሉ። በሞተ ጊዜ እነዚህ የሚከለክላቸው ስለሌለ ሥጋውን ማፍረስ ይጀምራሉ፤ ከሚፈርሰውም ሥጋ ልዩ ልዩ እስትንፋስ ይወጣል። ብሪገር የሚባል የጀርመን ሐኪም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1885 ዓመት ከበሰበሰ ሥጋ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ፑትረሲንና ካዳቨሪን ብሎ ጠራቸው። የመጀመሪያው ስም ከመበስበስ፥ የሁለተኛው ከበድን የወጣ ነው። እግዚአብሔር ለሰው አፍንጫ ይህን ሽታ እንዲጠላ ባያደርገው ኖሮ ብዙ ሰው የሞተውን ከሕያው ሳይለይ በበላ ነበር።

ዝንብ ግን ከሰው ይልቅ ፈጥኖ ያሸታል። አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ የሚያበራው ትልቁ ዝንብ እንስሳው በሞተ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መጥቶ ዕንቍላሉን ይጥልበታል፤ አንድ ቀን ያህል ቈይቶም ትሉ ይፈለፈላል። በጥንት ዘመን ሰዎች ትል ከበሰበሰው ሥጋ በራሱ የሚወለድ ይመስላቸው ነበር። ፍራንቼስኮ ሬዲ የተባለ የጣልያን ሊቅ በ1668 ዓመት ሥጋን በማሰሮዎች አድርጎ፥ እኩሉን ክፍት ተወው፥ እኩሉን በስስ ጨርቅ ሸፈነው። ክፍቱ ተላ፤ የተሸፈነው ሸተተ እንጂ አልተላም። ዝንቦቹም ከጨርቁ በላይ ሲያንዣብቡ ታዩ። ሬዲ መጻሕፍት ብቻ እያገላበጠ ቢቀመጥ ኖሮ ይህን አያገኘውም ነበር።

ሸክላ ሠሪዋ ስለ ሬዲ አልሰማችም፤ ዝንብን ግን ታውቃለች። «ዝንቡ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ» አለች። ልጁ በጓዳው ውስጥ ሆኖ አየ። ዝንቦቹ በምሥራቁ ግድግዳ ጫፍ፥ ኮርኒሱ ከግድግዳው በሚገናኝበት ላይ ይሰበሰቡ ነበር። በጆንያውም ላይ እንደ ዘይት ያለ የወየበ እድፍ ታየ። ከእድፉ በታች ክዳኑ የተሰበረ የውኃ እንስራ ቆሞአል።

እናትየዋ ይህን ባየች ጊዜ እጇን በአፏ ላይ አደረገች። ከበድኑ የወጣው ፈሳሽ በጆንያው ዘልቆ፥ ጠብ ጠብ እያለ በእንስራው ውስጥ ሲወርድ ሰንብቶአል። ትንሺቱ ልጅ በየማለዳው ከዚያ እንስራ ቀድታ ትጠጣ ነበር። አባትየው ሥራውን ሁሉ ትቶ ልጅቱን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዳት፤ የሆነውንም ሳይደብቅ ለሐኪሙ ነገረ፥ የመርዙንም መጠቅለያ አሳየ። ይህን ማድረጉ ትክክል ነበረ፤ መርዙ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ያላወቀ ሐኪም በጨለማ እንደሚሄድ ሰው ነውና። ልጅቱም መድኃኒት ተሰጥቷት በጥቂት ቀን ዳነች።

እንስራውን በተመለከተ ሴቲቱ፥ «ውኃውን አፍስሱ፥ እንስራውንም ስበሩት» አለች። አያትየዋ ግን፥ «ሌላ እንስራ ልትሸጭልን ነው» ብላ አጉረመረመች። ሴቲቱም፥ «ከእኔ አይግዙ፥ እማማ፤ ከሌላ ይግዙ። ይህን ግን ይስበሩት። ሸክላ የነካውን ይጠጣል» አለች። አያትየዋ ይህን ስትሰማ በኦሪት ዘሌዋውያን በዐሥራ አንደኛው ምዕራፍ ያለው ሕግ ትዝ አላት፤ በዚያም የአይጥ በድን የወደቀበት የሸክላ ዕቃ እንዲሰበር ታዝዞአል። እንስራውን ራስዋ ወደ ውጭ ጐትታ በድንጋይ ሰበረችው። የብረት ወይም የብርጭቆ ዕቃ ቢሆን በፈላ ውኃና በሳሙና ታጥቦ በዳነ ነበር፤ ሸክላ ግን በውስጡ በዓይን የማይታይ ብዙ ቀዳዳ ስላለው የመጠጠውን አጥቦ ማውጣት አይቻልም።

ልጁ ወንበር ላይ ወጥቶ አይጧን በጅራቷ ሊጐትታት እጁን ዘረጋ። አባቱ፥ «ተው!» ብሎ ያዘው። በድንን ባዶ እጅ አይነካውም። አይጥ ስትሞት በጠጕሯ ውስጥ ያለው ቁንጫ ከቀዘቀዘው ገላዋ ወጥቶ ትኵስ ገላ ይፈልጋል። ወረርሽኙ በሆንግ ኮንግ በገባበት በ1894 ዓመት የርሲን የተባለ ሐኪም በየቤቱና በየመንገዱ የሞተ አይጥ መብዛቱን አየ፤ ከአራት ዓመት በኋላም ሲሞን የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ በሽታው ከአይጥ ወደ ሰው የሚተላለፍ በቁንጫ መሆኑን ገለጠ።

ለጂንካ ሰው ግን ምሳሌውን ከሩቅ አገር ማምጣት አያስፈልግም። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓመተ ምሕረት በዚችው በጂንካ የማርበርግ በሽታ መግባቱ ታወቀ፤ በኢትዮጵያም ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም ነበር። ይህ በሽታ ስሙን ያገኘው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1967 ዓመት ከአፍሪካ የመጡ ጦጣዎችን የሚነኩ የምርመራ ቤት ሠራተኞች ከታመሙባት ከጀርመን ከተማ ነው። ጀርሙን በገላዋ ተሸክማ የምትኖር ፍራፍሬ የምትበላ የዋሻ የሌሊት ወፍ ናት፤ እርስዋ ራስዋ አትታመምበትም። ከሰው ወደ ሰው ግን በደም፥ በትውኪያና በላብ፥ የሞተውንም ሰው በመንካት ይተላለፋል። በጂንካ ሰዎች ሞቱ፤ በሽተኞችን ሲያስታምሙ የታመሙ የጤና ሠራተኞችም ነበሩ። ወንድም ወንድሙን ለመጨበጥ የፈራበት ወራት ነበረ። ከዚያ በኋላ 42 ቀን አዲስ በሽተኛ ሳይገኝ በመቅረቱ በጥር ወር የበሽታው መጥፋት ታወጀ። እንግዲህ በኮርኒስ ውስጥ የሌሊት ወፍ ሞታ ብትገኝ ልጅ አይነካትም፥ በጅራፍም አያንጠለጥላትም፤ ለታላቅ ሰው ይነግራል እንጂ።

አባትየው አፍንጫውንና አፉን በጨርቅ ሸፈነ፥ በሁለት እጁም ድርብ ፌስታል አጠለቀ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጦ በድኑንና በዙሪያው ያለውን ኵስ አርከፈከፈበት፤ ጥቂትም ታገሠ። የደረቀ የአይጥ ኵስ በመጥረጊያ ሲጠረግ ትቢያው ይነሣና ወደ ሳንባ ይገባል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ይረጥባል፥ ከዚያም በእርጥብ ጨርቅ ይታበሳል። በረኪናን ከአሞኒያ ወይም ከሆምጣጤ ጋራ መቀላቀል ግን ክልክል ነው፤ የሚያፍን መርዘኛ እስትንፋስ ይወጣዋል። አባትየው በድኑን በፌስታሉ ይዞ ፌስታሉን ገለበጠበትና አሰረው፥ በሌላም ፌስታል ከተተው። ያደፈውን ጆንያ ቈርጦ ጨመረ። ሌሎች ሁለት አይጦች ደግሞ ከቆጡ ጀርባ አገኘ። ሁሉንም ከጕድጓድ ውኃና ከወንዝ ርቆ ሁለት ክንድ ያህል ጥልቀት ባለው ጕድጓድ ቀበረና ጅብና ውሻ እንዳይቈፍሩት ድንጋይ ጫነበት። እጁን እስከ ክንዱ በሳሙና ታጠበ።

በድኑ ከወጣ በኋላ እናትየዋ ሽታው ወዲያው የሚጠፋ መስሏት ነበር፤ አልጠፋም። ፈሳሹ ወደ ምርጊቱ ገብቶ ነበርና። ሸክላ ሠሪዋም ያደፈውን ምርጊት እስከ ማገሩ ድረስ አስፋቀቻቸው። ጭቃ የእርስዋ ሥራ ነውና ከራስዋ ግቢ ጭቃ አምጥታ፥ ከጭድ ጋራ ረግጣ፥ በዚያ ስፍራ እንደ ገና መረገችው። ይህን ለማድረግ ወደ ጓዳው ገባች። ማንም አልከለከላትም፤ እርስዋም ራስዋ መግባቷን ያወቀችው ሥራውን ከጨረሰች በኋላ ይመስላል።

እንጨቱ በበረኪና ውኃ ታጠበ፤ ልብሱና ምንጣፉ ሁሉ በፀሐይ ተሰጣ። ሁለቱም በሮች ተከፍተው ነፋስ በቤቱ መካከል አለፈ። በጓዳው ማእዘን በሰፌድ ላይ ከሰል ተቀመጠ፤ ከሰል በሚሊዮን የሚቈጠር ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው ሽታን ወደ ውስጡ ይስባል። ዕጣን እንዲህ አያደርግም። ዕጣን ሽታን ይሸፍናል እንጂ አያወጣም፥ እንዲያውም ፈላጊውን ያሳስታል። እንስሳው እጅ በማይገባበት ግድግዳ ውስጥ ሞቶ ሲገኝ ግን ቤት ማፍረስ አያስፈልግም፤ ትንሽ አይጥ በሙቀት አገር በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ትደርቅና ሽታዋ ይቆማል። እስከዚያ ድረስ ከሰልና ንጹሕ አየር ይረዳሉ።

ስለ ታላላቅ እንስሳት ደግሞ ጥቂት መናገር ይገባል፤ ደቡብ ኦሞ የከብት አገር ነውና። በነሐሴ ወር 1998 ዓመተ ምሕረት ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች አገር ከ300 የሚበልጥ ሰው አጠፋ፥ እጅግ ብዙ ከብትም ሰጠመ። በ2014 እና በ2015 ደግሞ በድርቁ ምክንያት በዳሰነችና በሐመር ብዙ ከብት አለቀ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የረኃብ ልብ የሞተውን አርዶ ለመብላት ይነሣሣል። ነገር ግን ከብት ሳይታመም በድንገት ቢወድቅ፥ ሆዱ ፈጥኖ ቢነፋ፥ ከአፍንጫውና ከኋላውም ያልረጋ ጥቍር ደም ቢፈስስ፥ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። አይታረድም፥ ቆዳው አይገፈፍም፥ ሥጋው አይበላም። ሆዱ ሲከፈት ጀርሙ ነፋስ ያገኛል፥ ነፋስም ሲያገኝ ጠንካራ ልብስ ለብሶ በአፈር ውስጥ በዐሥር የሚቈጠር ዓመት ሳይሞት ይኖራል። ለከብት ሐኪም ይነገራል፤ በድኑም በወደቀበት ይቃጠላል ወይም አራት ክንድ ያህል በጠለቀ ጕድጓድ ይቀበራል። ከዚያ ስፍራ ላይ የልጅ ልጅ እንኳ ከብቱን እንዳያሰማራ ለመንደሩ ሰው ሁሉ መንገር ያስፈልጋል።

የሰው እጅ ባልደረሰበት ሜዳ ይህን ሥራ ጥንብ አንሳና ጅብ ይሠሩታል። ሰው ሁለቱንም ይንቃቸዋል። በሕንድ አገር ለከብት በሚሰጥ በአንድ መድኃኒት ምክንያት ጥንብ አንሳ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሊጠፋ በቀረበ ጊዜ፥ በድን በየሜዳው ቀርቶ ውሾች በዙ፤ ያን ጊዜ የወፉ ዋጋ ታወቀ።

የቤተ ሰቡ አባት የተረፈውን መርዝ ዳግመኛ አልተጠቀመበትም። በሐመር አገር ጐተራ በእንጨት እግሮች ላይ ከፍ ተደርጎ እንደሚሠራ አይቶ ነበርና፥ ለበቈሎው ከቤቱ ውጭ ትንሽ ጐተራ ሠራ፤ አይጥ እንዳትወጣም በየእግሩ ላይ ለስላሳ ቆርቆሮ ጠመጠመበት። የኮርኒሱንም ቀዳዳ ደፈነ፥ ከጎረቤትም የድመት ግልገል አመጣ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አያትየዋ ወደ ገበያ ወርዳ እንስራ የሚሸጡትን ሁሉ አየች፥ ከማንም ግን አልገዛችም። ስትመለስ በሸክላ ሠሪዋ ደጅ ቆማ ዋጋ ጠየቀች፤ የተጠራውንም ሳትከራከር ከፈለች። ልጁ አዲሱን እንስራ በጀርባው አዝሎ ፊት ፊት ሄደ። አያትየዋ ጥቂት ከተራመደች በኋላ ዞር ብላ፥ «ቡናው እየተቈላ ነው፤ ነይ፥ ከእኛ ጋራ ጠጪ» አለቻት። ሴቲቱ እጇን ከጭቃው ታጠበችና ተከተለቻት።